አጅሩሚያን ሳይጨርሱ ወደ አልፊያ፦ ጌም መሥራት ለሚጀምሩ



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ኮምፒውተር የሚጻፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በአል-ኸዋሪዝሚ ይጀምራል። ዛሬ እሳቸውን በአክብሮት ልለፍና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ ጌም ነው። መጫወቱ አይደለም፤ መሥራቱ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ በግቢያችን ጌም መሥራት ጀምረው በሁለተኛው ወር የሚያቆሙ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። የሚያቆሙት ግን አእምሮ አንሷቸው ወይም ኮምፒውተራቸው ደክሞባቸው አይመስለኝም። መድረሳ የተማሩበትን የአቀራር ሥርዓት ላፕቶፕ ፊት ሲቀመጡ ስለሚተውት ነው። ጉዳቱ ደግሞ በአንድ ጌም መቅረት ብቻ አያበቃም። "ፕሮግራሚንግ ለእኔ አልተፈጠረም" ብለው ደምድመው ይነሳሉ፤ ይህን ድምዳሜ ይዘው ሦስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ይማራሉ።

መድረሳ ያደገ ሰው ይህን አይስተውም። ነሕው የሚጀምር ደረሳ በመጀመሪያው ቀን የኢብን ማሊክን አልፊያ አይከፍትም። አጅሩሚያ አለች፤ ቀጭን ናት፤ በኪስ ትገባለች። እሷን ከነምሳሌዋ ይቀራል፣ ኡስታዙ ፊት ኪታቡን ዘግቶ ያሰማል፣ "እለፍ" ሲባል ብቻ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አልፊያ ሺህ ያህል ስንኝ ናት። አጅሩሚያን ሳይጨርስ እሷን የሚከፍት ልጅ ቢኖር ኡስታዙ ይስቁበታል እንጂ "ጎበዝ፣ ትልቅ ሕልም አለህ" አይሉትም።

አሁን ወደ ዶርም እንምጣ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ላፕቶፕ ያገኛል፣ ኢንጂን ይጭናል፤ ከዚያ "ምን ልትሠራ ነው?" ስትሉት "እንደ ጂቲኤ ያለ፣ ግን አዲስ አበባ ውስጥ" ይላል። መርካቶ አለበት፣ ሚኒባስ አለበት፣ በኦንላይን ከጓደኛ ጋር ይጫወቱታል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እኔም ብጫወተው እወዳለሁ። ችግሩ እንደዚያ ያለ ጌም በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ዓመታት የሚለፉበት ሥራ መሆኑ ነው። ወንድማችን ለአንድ ሚኒባስ በር መክፈቻ ሦስት ሳምንት ይታገላል፣ ሚድ ኤግዛም ይመጣል፣ ፎልደሩ እዚያው ይቀራል። ይህ አልፊያ ነው። አጅሩሚያው የታለ?

አጅሩሚያው አለ፤ ስሙ ፖንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው ኩባንያ አለን አልኮርን የሚባል ወጣት የኤሌክትሪካል ኢንጂነር ቀጠረ። አለቃው ኖላን ቡሽኔል አንድ ኳስና ሁለት መምቻ ያለው ጨዋታ እንዲሠራ አዘዘው። የትልቅ ድርጅት ትዕዛዝ ነው ብሎም አሳመነው። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ግን አልነበረም፤ ሥራው ለአዲስ ተቀጣሪ የተሰጠ መለማመጃ ነበር። ልብ በሉ፤ ዓለም የሚያውቀው ያ ጌም የጀማሪ አሳይመንት ነበር ማለት ነው። የእኛ ዲፓርትመንት ልጆችን የሚያስደስተው ደግሞ ሌላ ነው፦ ፖንግ ውስጥ ማይክሮፕሮሰሰር የለም፣ አንድ መስመር ኮድም የለም። በዲጂታል ሎጂክ ኮርስ የምንማራቸው ዓይነት ቺፖች ብቻ ናቸው የሠሩት። አልኮርን መምቻውን በስምንት ክፍል ከፍሎት ነበር፤ ኳሷ ያረፈችበት ክፍል የምትመለስበትን ማዕዘን ይወስናል። መምቻው ደግሞ በሰርኪዩቱ ጉድለት ምክንያት እስክሪኑ ጫፍ ድረስ አይደርስም ነበር። አልኮርን ጉድለቱን አላስተካከለውም፤ ጨዋታውን ከባድ ስላደረገው ተወው። ይህችን ታሪክ በጣም እወዳታለሁ።

እኔ ይህን የምጽፈው በሁለት ሴሚስተር ልምድ ነው፤ ባለሙያ አይደለሁም። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ የሌለው። ባትሪው መብራት ሲጠፋ ሴቭ እስካደርግ እንኳ አይታገሰኝም። በዚህ ዕቃ የጀመርኩት በጎዶት ነው። ጎዶት ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩትና እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነጻ ኢንጂን ነው። ሲወርድ 200 ሜጋባይት አይሞላም፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በፍላሽ ከሰው ሰው ይተላለፋል። ዩኒቲና አንሪል ትልልቅ ናቸው፤ ሲወርዱም በጊጋባይት ነው፤ የአንሪል እንዲያውም በአሥራዎቹ ይቆጠራል። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ከተወሰነ ገቢ በላይ ላለው ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ብዙ ሠሪዎችን አስቆጥቶ፣ በ2024 ሐሳቡን ሰርዟል። "የትኛው ይሻላል?" የሚለው ክርክር ግን የጀማሪ ክርክር አይደለም። በላፕቶፕህ ላይ የሚከፈተው ይሻላል፤ አበቃ።

ኳሷ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነውና።

ኳሷ ቦታ አላት፣ ፍጥነት አላት። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል እንደገና ይስላል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሁለት ፍሬሞች መካከል 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ አለ። ጀማሪ መጀመሪያ የሚጽፈው "በየፍሬሙ 5 ፒክሰል ሂጂ" የሚል ነው። በ60 ፍሬም ኳሷ በሰከንድ 300 ፒክሰል ትሄዳለች። ያው ኮድ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ በሚስል ደካማ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት 150 ብቻ ትሄዳለች። አንድ ጌም በሁለት ኮምፒውተር ሁለት ጌም ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ርቀት ማለት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ። ኳሷን "በሰከንድ 300 ፒክሰል" ትሏታላችሁ፣ ኢንጂኑ ካለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ታባዙታላችሁ። በፈጣኑም በደካማውም እኩል ትሄዳለች። ይህን ቀመር ፈተና ላይ ስንት ጊዜ ጽፈነዋል! ሲሠራ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ኳሷን ታፈጥኗታላችሁ። በሰከንድ 1,200 ፒክሰል ስትደርስ መምቻውን አልፋ ትወጣለች። ሳትነካው፤ እንደ ጂን። ጀማሪው ኮዱን አሥር ጊዜ ያነባል፣ ስሕተት አያገኝም፤ እውነትም የፊደል ስሕተት የለውም። አስሉት፦ 1,200 ለ60 ሲካፈል 20 ነው። ኳሷ በየፍሬሙ 20 ፒክሰል ትዘላለች። መምቻው 10 ፒክሰል ብቻ ውፍረት ካለው በአንዱ ፍሬም ከፊቱ፣ በሚቀጥለው ከኋላው ትገኛለች። ኮምፒውተሩ "ነክታዋለች ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው በነዚያ ሁለት ቅጽበቶች ብቻ ነው፤ መልሱም ሁለቱንም ጊዜ "አልነካችም" ነው። ስለዚህ ያለችበትን ነጥብ ብቻ ሳይሆን የተጓዘችበትን መስመር መመርመር ያስፈልጋል፤ ወይም እርምጃዋን ከፋፍሎ ማስኬድ። ይህን አንዴ የገባው ሰው ስለ ሳምፕሊንግ ሲግናልስ ኮርስ ላይ ሲነገረው ከጎረቤቱ በፊት ራሱን ይነቀንቃል።

ሌላ ምሳሌ፦ ገጸ ባሕሪያችሁ ወደ ቀኝም ወደ ላይም በተመሳሳይ ፍጥነት ይሄዳል። ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫኑ ግን በሰያፍ 41 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይሮጣል። ለምን? ፓይታጎራስ። አንድና አንድ ጎን ያለው ማዕዘን ሰያፉ የሁለት ስኩዌር ሩት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ቬክተር ስንማር "ይሄ የት ይጠቅማል?" ያላለ አልነበረም፤ መምህራችንም "ለማትሪክ" ይሉ ነበር። እግዚሃሩን ለመናገር መልሳቸው በጊዜው ትክክል ነበር።

ሥዕል መሣል አልችልም የሚል ሰበብ በየቀኑ እሰማለሁ። ቴትሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ሲሠራው ማሽኑ ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር፤ ብሎኮቹ በቅንፍ ምልክቶች ነበር የሚታዩት። ስለዚህ አራት ማዕዘን ይበቃናል።

አሁን ዋናው በሽታ ላይ እንድረስ፦ ቱቶሪያል። ተማሪው የአራት ሰዓት ቪዲዮ ይከፍታል። ሰውዬው ይጽፋል፣ እሱም ይጽፋል። ሰውዬው ይጫናል፣ እሱም ይጫናል። መጨረሻ ላይ ጌሙ ይሠራል፤ ልጁም ደስ ይለዋል፤ ስታተስ ላይ ይለጥፋል። በማግስቱ ባዶ ፋይል ከፍቶ ኳስ አንቀሳቅስ ብትሉት ግን አንድ መስመር አይወጣውም። በመድረሳ ቋንቋ ይህ ኪታቡን እያዩ ማንበብ ነው። ማንም ኡስታዝ እያየ ያነበበን ልጅ አያሳልፍም። "ዝጋና አሰማ" ይላሉ። ዘግቶ ሲያሰማ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ልጁም ኡስታዙም ያውቁታል፤ ቀኑን ሙሉ ሙራጀዓ የሚደረገው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ ቪዲዮውን እዩ፣ ዝጉት፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አጥፉ፣ እንደገና ጻፉ። ስትደናቀፉ ያቺን ቦታ ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። ሲሠራ አንድ ነገር ቀይሩ፤ ኳሷን ሁለት አድርጉ፣ መምቻውን በየጎሉ አሳጥሩት። ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ስትጨምሩ ነው ትምህርቱ የእናንተ የሚሆነው። ከዚያ ለጓደኛችሁ መስመር በመስመር አሰሙት፤ ጓደኛችሁ ኮድ ባያውቅ እንኳ ግድ የለም። "ይሄ መስመር ለምን ገባ?" ብሎ ሲጠይቅ መልስ ካጣችሁ አልቀራችሁትም ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ "ሽምደዳ ነው" ይላል። አይደለም። ሽምደዳ ትርጉሙን ሳያውቁ ማስታወስ ነው፤ እሱ ደግሞ መድረሳም መንግሥት ትምህርት ቤትም ውስጥ ሞልቷል፤ አንዱ በሌላው ላይ የሚኮራበት ምክንያት አይታየኝም።

ከፖንግ ቀጥሎስ? እኔ ገበጣ እላለሁ። ገበጣ ለጀማሪ እንዲህ የተመቸ መሆኑን እስክሠራው ድረስ አልጠረጠርኩም ነበር። አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፤ በድምሩ 48። በኮድ ይህ አሥራ ሁለት ቁጥር የያዘ አንድ ዝርዝር ብቻ ነው። ጠጠር ማዞር ማለት የአንዱን ጉድጓድ ቁጥር ዜሮ አድርጎ ለሚቀጥሉት አንድ አንድ መጨመር ነው። ከዜሮ ብንቆጥር ጉድጓድ 9 ላይ አምስት ጠጠር ካለ ወደ 10፣ 11፣ ከዚያ ወደ 0፣ 1፣ 2 ይሄዳል። ዙሩ ከ11 ወደ 0 የሚመለሰው ለ12 አካፍሎ ቀሪውን በመውሰድ ነው። ፍሬሽማን ሒሳብ ላይ ያሰለቸን ሞጁሎ በእናቶቻችን ጠጠር ላይ ተገኘ! ከሁሉ የሚያረካው ደግሞ መፈተኛ አብሮት መምጣቱ ነው፦ በጉድጓዶቹ ያለውና የተበላው ተደምሮ ሁልጊዜ 48 መሆን አለበት። 47 ከሆነ የሆነ ቦታ አንድ ጠጠር ወድቋል፤ ፈልጉ።

ከዚያ ሕጉ ይመጣል፤ ፀቡም ይመጣል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ሲያርፍ አንስቶ መቀጠል ነው ወይስ ማቆም? መብላት መቼ ነው? ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስበው አሳትመዋል፤ ብዛታቸው ይገርማል። እኔና የዶርም ጓደኛዬ አንድ አገር ልጆች ነን፤ ሁለት ወረዳ ብቻ ይለያየናል፤ በሕጉ አልተስማማንም። መጨረሻ ላይ እናቱ ጋ ደወለ። እማማ በስልክ ሕጉን ሲያስረዱን በወረቀት የጻፍነው አንድ ገጽ፣ ያየሁት ምርጥ የሶፍትዌር ሰነድ ነው። "ካልሆነስ?" ብለን ስንጠይቃቸው ለእያንዳንዱ "ካልሆነስ" መልስ ነበራቸው። ኮድ የሚፈልገው ይኸው ነው።

ገበጣን በስልክ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ገበጣንም፣ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጌምም ሠርቷል። "ተሠርቷል፣ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ካለ፣ አጅሩሚያም ከእኛ በፊት ሚሊዮኖች ቀርተዋታል።

ወደ ተቃውሞው ልምጣ። አንድ የማከብረው ወንድም "ወጣቱ በጌም ጊዜውን እየጨረሰ ነው፤ አንተ ደግሞ ሥሩ ትላለህ" አለኝ። የጠቀሰው ነገር እውነት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ቆይቶ ሱብሒ የሚያልፈው ሰው በየዶርሙ አለ። ሑክሙን ለኡስታዞቻችን ትቼ እኔ የማውቀውን ልናገር፦ ጌም የሚሠራ ሰው ጌም እንዴት ሰውን እንደሚይዝ ያያል። ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ እንዳይታወቅ ማድረግ በኮድ ሁለት መስመር ነው። "አንድ ዙር ብቻ" የሚለው ስሜት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የሆነ ሰው ተቀምጦ አስቦበታል። ሃኖይ ያለው ዶንግ ንጉየን ፍላፒ በርድን እ.ኤ.አ. በ2013 ብቻውን ሠራው። በቀጣዩ ዓመት ዓለምን ሲያጥለቀልቅ፣ ብዙ ገንዘብም እያስገባለት ሳለ፣ ሰው ሱስ ሆኖበታል ብሎ በየካቲት 2014 ከገበያ አወጣው። በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖችንም የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 ቁማር ናቸው ብሏል። እነዚህን ነገሮች ከውጭ ሆኖ ከማውገዝ ከውስጥ ዐውቆ መናገር የተሻለ ይመስለኛል። ትናንሽ ወንድሞቻችን በሚቀጥሉት ዓመታትም መጫወታቸው አይቀርም፤ ጥያቄው ማን የሠራውን የሚለው ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ማንንም አላታልልም። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመጫን የአንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል፤ ለተማሪ ዶላሩም ካርዱም ቀላል አይደለም። ስለ አንድ ሰው ሠርቶ ሚሊየነር ሆነ የሚባለው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ይዘላል። ስታርዲው ቫሊን የሠራው ኤሪክ ባሮን የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ነበር፤ ሥራ ሲያጣ ችሎታውን ለማሻሻል ብሎ ጀመረው፣ ለብቻው ከአራት ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በ2016 አወጣው። አራት ዓመት! ለገቢ የቸኮለ ወንድም ሌላ ሥራ ይፈልግ። ጌም መሥራት የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው፦ የምንማረው ሒሳብና ፊዚክስ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ፣ አንድ ነገርም ጀምራችሁ ትጨርሳላችሁ።

ለጀመዓችን አስተባባሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። በሴሚስተር ዕረፍት የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥልጠና በየዓመቱ ወርድና ኤክሴል ነው። ይቀጥል፤ ይጠቅማል። ከጎኑ ግን ለአሥራ ሁለት ሰው ብቻ ቦታ ይሰጠን፣ ለስድስት ወንድሞችና ለስድስት እህቶች፣ እህቶች በራሳቸው አስተባባሪ። በአንድ ላፕቶፕ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አራት ሳምንት። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ፖንግ፣ ቀሪው ገበጣ። ሰርተፍኬት አያስፈልግም። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ ፖንግን ፋይሉን ዘግቶ ከባዶ ያላሰማ ወደ ገበጣ አያልፍም። አስተባባሪዎቹ ጄኔሬተሩ የሚበራበትን ሰዓት ካሳወቁን ፕሮግራሙን በዚያ እናወጣለን።

ዕረፍቱን መጠበቅ የማይፈልግ ካለ ጎዶት በፍላሽ አለኝ፤ ከነሙሉ ማብራሪያው ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ። ማክሰኞና ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ላይብረሪው ምድር ቤት እገኛለሁ። ሶኬት ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ስለሆነ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።